ዶፓሚን «የደስታ ኬሚካል» ነው ብዬ ላስተምር ወይስ ላርም? (ባሕር ዳር፣ የሳይንስ ክበብ)

ጣና_ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ላይ ለ11ኛና ለ12ኛ ክፍል የሳይንስ ክበብ የሁለት ክፍለ ጊዜ ትምህርት እያዘጋጀሁ ነው፤ እያንዳንዱ 40 ደቂቃ። ርዕሱ የመካከለኛው አንጎል የዶፓሚን ሴሎች፣ ሽልማትና ተነሳሽነት ነው። ተማሪዎቹ ከቲክቶክና ከቴሌግራም ይዘውት የሚመጡት ይኸው ነው፦ «ዶፓሚን የደስታ ኬሚካል ነው»፣ «ስልክ ዶፓሚንህን ይጨርሰዋል»፣ «የአንድ ቀን የዶፓሚን ጾም መልሶ ይሞላዋል»፣ «ዶፓሚን ካነሰህ ሙዝ ብላ»። ሦስት ነገር ላይ እርዳታችሁን እሻለሁ።

አንደኛ፣ እነዚህ ሴሎች የት ናቸው፣ ስንት ናቸው፣ በትክክል ምን ሲሆን ነው የሚነቁት? ሁለተኛ፣ ያለ ላብራቶሪ፣ በሲኒና በቆሎ የሚሠራ ማሳያ አለ ወይ? 24 ተማሪ አለ፣ ኮምፒውተር አንድ ነው፣ መብራቱም አያስተማምንም። ሦስተኛ፣ ጫትና ቡና መነሳቱ አይቀርም። ጫቱ በከተማው ዙሪያ ይበቅላል፣ የዘጌ ቡና ደግሞ እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው። ሳልሰብክ፣ ግን ሳላሳስት ምን ልበል?

መሐል_አንጎል፦

መምህር፣ ያርሙ። ግን «ስህተት ነው» ብለው አይጀምሩ፤ ቦታውን አሳይተው ይጀምሩ፣ ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መካከለኛው አንጎል የአንጎል ግንድ የላይኛው ክፍል ነው፤ ርዝመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ዶፓሚን የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚያስተላልፉበት ኬሚካል ነው፤ እሱን የሚሠሩት ሴሎች እዚያ ውስጥ በሦስት ስብስብ ተቀምጠዋል። ዳልስትሮምና ፉክሴ በ1964 ስዊድን ውስጥ የሰጧቸው መለያ እስከ ዛሬ ያገለግላል፦ ኤ8፣ ኤ9፣ ኤ10። ኤ9 ሰብስታንሺያ ናይግራ የሚባለው ነው፤ «ጥቁሩ አካል» ማለት ነው። የአዋቂ ሰው አንጎል ተቆርጦ ሲታይ ጥቁር ሰረዝ ሆኖ በዓይን ይለያል። ጥቁረቱ ከዕድሜ ጋር በሴሎቹ ውስጥ የሚጠራቀመው ኒውሮሜላኒን ነው። ኤ10 ከእሱ ወደ መሐል መስመሩ ጠጋ ይላል፤ በአጭሩ ቪቲኤ ይሉታል። ኤ8 ከኋላ ያለው ትንሹ ስብስብ ነው፤ ለክበብ ትምህርት ስሙን ጠርተው ቢያልፉት ይበቃል።

ቁጥራቸው በሰው ላይ ግራና ቀኙ ተደምሮ ከ400,000 እስከ 600,000 ገደማ ነው። በአንጎል ውስጥ ካለው 86 ቢሊዮን የነርቭ ሴል አንጻር ከሚሊዮኑ 6 ያህሉ መሆኑ ነው። ታዲያ ይህች እፍኝ እንዴት ሰፊውን አንጎል ታዳርሳለች? በቅርንጫፏ። በ2009 የወጣ የጃፓኖች ሥራ የነጠላ የአይጥ ሴሎችን ክር እስከ ጫፍ ተከታትሎ ለክቶ ነበር፤ በስትራያተም (እንቅስቃሴንና ልማድን የሚመራ የአንጎል ውስጠኛ ክፍል) ውስጥ ብቻ የአንዷ ሴል ቅርንጫፎች ተደምረው 78 ሴንቲ ሜትር ደረሱ። የአይጡ አንጎል ራሱ ግን 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቹ 78 ሴንቲ ሜትር የስፌት ክር ለክተው በግማሽ የክብሪት ሳጥን ውስጥ ለመጠቅጠቅ ይሞክሩት፤ አምስት ደቂቃ ይፈጃል፣ ከስዕል ግን ይሻላል። ኤ9 በዋናነት ወደ ላይኛው ስትራያተም ይልካል፣ ለእንቅስቃሴና ለልማድ። ኤ10 ደግሞ ወደ ኒውክለስ አኩምበንስ፣ ማለትም ወደ ስትራያተም የታችኛው ክፍል፣ እና ወደ ግንባር በኩል ወዳለው የአንጎል ቅርፊት።

ምን ሲሆን ይነቃሉ ላሉት፦ ተኝተው አያውቁም። ማንም ሳይቀሰቅሳቸው በሴኮንድ ከ2 እስከ 5 ጊዜ ያህል እየመቱ ይኖራሉ። ያልተጠበቀ መልካም ነገር ሲመጣ ምቱ ለ0.1 ወይም ለ0.2 ሴኮንድ ያህል ወደ 20 እና ከዚያ በላይ ይጣደፋል። የተጠበቀው ሲቀር ለአፍታ ጸጥ ይላሉ። ሰሌዳው ላይ መደበኛ፣ ጥድፊያ፣ ጸጥታ ብለው ሦስት መስመር ያስምሩ፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በሙሉ በእነዚህ ላይ ይቆማል።

ይህን በጦጣዎች ላይ ያሳየው ቮልፍራም ሹልትስ ነው። በ1997 ከፒተር ዳያንና ከሪድ ሞንታግ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ጉዳዩ ከሒሳብ ጋር ተገናኘ። የጦጣውን ሙከራ፣ ማለትም መብራት ሲበራ ቆይቶ ጭማቂ መምጣቱን፣ ተማሪው ቶሎ ይረሳዋል። የሐይቁን ምሳሌ ይስጡት። ታንኳ ላይ ያለ ጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ሳያስበው መረቡ ውስጥ ወፍራም አምባዛ አየ፤ ጥድፊያ። ነገሩ ሲደጋገም መረቡን ሲስብ ገመዱ እጁ ላይ መክበዱ የዓሣ ምልክት መሆኑን ተማረ። ከዚያ ወዲህ ጥድፊያው ገመዱ በከበደበት ቅጽበት ይመጣል፤ ዓሣው ብቅ ሲል ሴሎቹ በመደበኛ ምታቸው ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ገመዱ ከበደ፣ ሳበው፣ የወጣው እምቦጭ ነው። ዓሣው መታየት በነበረበት ቅጽበት ላይ ጸጥታ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። በዚያ ቅጽበት ከውጭ የመጣ ነገር የለም፣ ሴሉ ግን መልስ ሰጠ። ባዶ ጊዜ ላይ መልስ መስጠት የሚችለው ቀጠሮ የያዘ ብቻ ነው። በ1998 ሆለርማንና ሹልትስ ቀጠሮውን ራሱን ፈተኑት። ሽልማቱ ከሰዓቱ ቀድሞ ሲመጣ ሴሎቹ ይጣደፋሉ፣ የድሮው ሰዓት ሲደርስ ግን ጸጥ አይሉም፤ ተከፍሏልና። ዘግይቶ ሲመጣ በሰዓቱ ጸጥ ይላሉ፣ ኋላ ሲመጣ ይጣደፋሉ። ዶፓሚን ደስታው ራሱ ቢሆን ኖሮ ዓሣ በወጣ ቁጥር መጣደፍ ነበረባቸው።

ቀመር_ቤት፦

የሲኒው ማሳያ ይኸውና፤ መብራት አይፈልግም።

24ቱን በ6 ቡድን ይክፈሉ። ለአንድ ቡድን፦ አንድ ሲኒ፣ ሲኒው የሚደፋበት እጥፍ ጨርቅ፣ 10 ፍሬ የተቆላ ሽንብራ፣ አንድ ቀይ ክር፣ ወረቀትና ካልኩሌተር ያለው ስልክ። ሽንብራ ያልኩት የገብስ ቆሎ ለመቁጠር ስለሚያስቸግርና ጠረጴዛው ላይ ስለሚበተን ነው። ከአራቱ አንዱ ሲኒውን ይደፋል፣ አንዱ ይገልጣል፣ አንዱ ያሰላል፣ አንዱ ይመዘግባል።

ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦

አዲስ ግምት = የድሮ ግምት + 0.2 × (የተገኘ − የተገመተ)

ቅንፉ ውስጥ ያለው የግምት ስህተት ነው፤ ሴሎቹ የሚናገሩት ይህንኑ ነው። 0.2 የመማር ፍጥነት ነው። ግምቱ ከ0 ይጀምራል። በየዙሩ ሲኒው ሥር 10 ሽንብራ ይደረግ። 1ኛ ዙር፦ ስህተት 10፣ ግምት 2። 2ኛ፦ ስህተት 8፣ ግምት 3.6። 3ኛ፦ 6.4፣ ግምት 4.88። እንዲህ እያለ በ10ኛው ዙር ግምቱ 8.93 ይደርሳል። ሽንብራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያው 10 ነው፤ ስህተቱ ግን ከ10 ወደ 1 አካባቢ ወርዷል። ይህን በግራፍ ወረቀት ላይ ይሳሉት፤ የሽንብራው መስመር አግድም ይሄዳል፣ የስህተቱ ይወርዳል።

11ኛው ዙር ላይ ለገላጩ ሳይነገረው ሲኒው ባዶ ይደፋ። ስህተት = 0 − 8.93 = −8.93፤ አዲስ ግምት 7.14። ጸጥታው ይህ ነው። ጎበዝ ተማሪ እዚህ ጋ ይጠይቃል፦ በሴኮንድ 4 ጊዜ የሚመታ ሴል ከዜሮ በታች መውረድ አይችልም፣ ታዲያ −8.93ን እና −3ን በምን ይለያል? ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሱ በጸጥታው ርዝመት ነው፤ የከፋ ጉድለት ረዘም ያለ ጸጥታ ያመጣል።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ቀይ ክሩን ያውጡት። 3 ቡድኖች በሲኒ ብቻ 10 ዙር የሠሩት ይሁኑ፤ 3ቱ እንደ አዲስ ከዜሮ ይጀምሩ። አሁን ሁሉም ሲኒው ላይ ቀይ ክር አስረው ሌላ 10 ዙር ይሥሩ፤ ሲኒና ክር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ተብለው እያንዳንዳቸው የራሳቸው ግምት ይኖራቸዋል፣ ስህተቱ ግን ከሁለቱ ድምር ላይ ይሰላል። ከዜሮ የጀመሩት ጋ ክሩ ወደ 5 ይጠጋል። ሲኒውን አስቀድመው የተማሩት ጋ ክሩ ቢበዛ 0.54 ነው። የተጣመሩበት ብዛት እኩል፣ ሽንብራው እኩል፣ ክሩ ግን ምንም ያህል አልተማረም፤ ምክንያቱም የሚማርበት ስህተት አልቀረለትም። ካሚን በ1969 ያወጣው «መዝጋት» የሚባለው ክስተት ነው፤ በ2001 ዌልቲ፣ ዲኪንሰንና ሹልትስ የጦጣ ዶፓሚን ሴሎችም ለተዘጋው ምልክት ዝም እንደሚሉ አሳዩ። በ2013 ደግሞ አይጦች ላይ፣ ክሩ መማር በማይገባው ሰዓት ሴሎቹን በብርሃን ቀስቅሰው ጥድፊያውን በሰው ሠራሽ መንገድ ሲያመጡት፣ አይጦቹ የተዘጋውን ምልክት ተማሩት። ለእኔ ከሁሉም ጠንካራው ማስረጃ ይሄ ነው። «አብሮ ታየ» ከሚለው አልፎ «አመጣው» ያስብላል።

ኮምፒውተሩን ለአንድ ነገር ይጠቀሙበት፦ ጥድፊያው ከሽልማቱ ወደ ምልክቱ እንዴት እንደሚሄድ። ከምልክቱ እስከ ሽልማቱ ያለውን ጊዜ በኤክሴል ላይ 5 ሣጥን ይክፈሉት። እያንዳንዱ ሣጥን የሚማረው ከቀጣዩ ሣጥን ነው። በ1ኛው ዙር የሚቀየረው ሽልማቱ አጠገብ ያለው 5ኛው ብቻ ነው፣ በ2ኛው ዙር 4ኛውም ይጨመራል፣ በ5ኛው ዙር 1ኛው ሣጥን ዋጋ ያገኛል፤ ምልክቱ ላይ ጥድፊያ የሚታየው በ6ኛው ነው። የሚሰናከሉበት ቦታ፦ ከምልክቱ በፊት ላለው ጊዜም ሣጥን ሰጥተው ዋጋውን እንዲማር ይተዉታል። ያ ሣጥን ሁልጊዜ 0 መሆን አለበት፤ ምልክቱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅምና። ካልሆነ ጥድፊያው ወደ ኋላ እየሸሸ ከገጹ ይወጣል።

አምባዛ_88፦

ሁሉንም ሴል አንድ አታድርጓቸው። ማትሱሞቶና ሂኮሳካ በ2009 ሁለት ዓይነት ነው ያገኙት፤ አንዱ ለመልካም ይነሳል፣ ለክፉ ይወርዳል። ሌላው ፊት ላይ የሚነፋ አየርም ቢሆን፣ ጭማቂም ቢሆን፣ «ነገር መጣ» ብሎ ይነሳል። ከሰብስታንሺያ ናይግራ ወደ ላይኛው ስትራያተም የሚሄዱት ውስጥ ደግሞ ሽልማት ሳይኖር ከእንቅስቃሴ መጀመሪያ ጋር የሚነሱ አሉ። የሲኒው ቀመር የብዙዎቹን ጠባይ ይገልጻል እንጂ የሁሉንም አይደለም።

ለ«ጸጥታው ከየት መጣ» ደግሞ መልሱ ላተራል ሃቤኑላ የሚባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ነው። የተጠበቀው ሲቀር እሱ ይነሳል፣ በመሐል ባሉ አጋጅ ሴሎች በኩል ዶፓሚኖቹን ዝም ያሰኛቸዋል።

ፍላጎት_ልክ፦

ሦስቱም የነካኩት ስለ መማር ነው። መምህር ርዕሳቸው ላይ «ተነሳሽነት» ብለዋል፣ እሱ ተዘለለ።

አማርኛ እዚህ ላይ ከእንግሊዝኛው የቲክቶክ ቋንቋ ይሻላል፤ አምሮት ሌላ፣ ርካታ ሌላ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ሐራራን ከምርቃና አያምታታም። ኬንት ቤሪጅና ቴሪ ሮቢንሰን ሚሺጋን ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህንኑ ነው የለየው። የአይጦቹን ዶፓሚን 99 በመቶ ያህል በመርዝ አጠፉ። አይጦቹ ምግብ አጠገባቸው ተቀምጦ አይበሉም፤ በቱቦ ካልተመገቡ ይሞታሉ። ነገር ግን ስኳር አፋቸው ላይ ሲንጠባጠብ ከንፈራቸውን የሚልሱት እንደ ጤነኛው ነው፣ መራራ ሲሆንም ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ጣዕሙ አልጠፋም፤ የጠፋው ተነስቶ መሄዱ ነው። ዶፓሚን መሥራት እንዳይችሉ ተደርገው የተወለዱ አይጦችም በ1995 ተገልጸዋል፤ በየቀኑ ኤል-ዶፓ (አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ንጥረ ነገር) ካልተሰጣቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በረሃብ ይሞታሉ፣ አፋቸው ውስጥ ያስገቡትን ግን ይውጣሉ።

የጆን ሳላሞን ሥራ ደግሞ ድካምን ይለካል። የቲ ቅርጽ ያለው መተላለፊያ አለ። በአንዱ ክንድ 4 ፍሬ ምግብ ከአጥር ጀርባ፣ በሌላው 2 ፍሬ ያለ አጥር። ጤነኛው አይጥ አጥሩን ወጥቶ 4ቱን ይበላል። በኒውክለስ አኩምበንስ ዶፓሚኑ የተቀነሰበት 2ቱን ይመርጣል። «መውጣት አቅቶት ይሆናል» ለሚል ተማሪ፦ በሌላው ክንድ ምንም ምግብ ካልተቀመጠ ያው አይጥ አጥሩን ይወጣዋል። መውጣት ይችላል፤ የተቀየረው «ያወጣኛል ወይ» የሚለው ስሌት ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ይሳሉላቸው፤ ከማንኛውም ትርጓሜ በላይ ይገባቸዋል።

መድኃኒት_ቤት፦

ሦስተኛውን ጥያቄ ልውሰድ።

ጫት፦ ዋናው ንጥረ ነገር ካቲኖን ነው፣ የአምፌታሚን ዘመድ። ዶፓሚን ከተለቀቀ በኋላ ወደ ሴሉ መልሶ የሚያስገባ በር አለ። ኮኬይን ያንን በር ይዘጋል። ካቲኖንና አምፌታሚን በሩን ወደ ውጭ ያስሮጡታል፤ ሴሉ ሳይመታ ዶፓሚን ይወጣል። ከሲኒው ጋር የሚያገናኘው ይህ ነው። ሽንብራ ሲለመድ ስህተቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል፣ በኬሚካል የሚወጣው ዶፓሚን ግን ግምቱን ሳይጠይቅ ይወጣል። ሱስ የሚጸናው በዚህ ነው የሚል መላምት አለ፤ ከሁሉም ሙከራ ጋር ስለማይስማማ «አንዱ መላምት» ብለው ይንገሯቸው።

ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ካቲኖኑ ቀስ በቀስ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። በቅጠል ተጠቅልሎ፣ እርጥበቱ ተጠብቆ፣ በዕለቱ ለገበያ የሚጣደፈው ለዚህ ነው። መቃም ከተጀመረ በኋላ ካቲኖን ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰው ሁለት ሰዓት ካለፈ ወዲህ ነው። ካቲኖን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ካቲን ግን አምስት ሰዓት ገደማ ይወስድበታል። ምርቃናው ወርዶ እንቅልፍ እምቢ የሚለው በከፊል በዚህ ልዩነት ነው፤ በላዩ ላይ ጨብሲ መጨመሩ ቅጠሉን ከደም አያወጣውም።

ቡና፦ ከጫት ጋር በአንድ ሣጥን አይክተቱት። ካፌይን የሚዘጋው የአደኖሲንን (ድካምና እንቅልፍ የሚያመጣ የአንጎል ኬሚካል) ተቀባይ ነው፤ ተቀባይ ማለት ኬሚካሉ ሴሉ ላይ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ያ ተቀባይ በስትራያተም ሴሎች ላይ ከዶፓሚን ዲ2 ተቀባይ አጠገብ ተቀምጦ የሚቃረነው ነው። ፍሬን መልቀቅ ነው እንጂ ነዳጅ መጨመር አይደለም። በ2015 በሰው ላይ በ300 ሚሊግራም ካፌይን የተደረገው የምስል ጥናትም የዶፓሚን መጨመር አላየም፤ የዲ2 እና ዲ3 ተቀባዮች ዝግጁነት መጨመርን እንጂ። የቡና ሐራራ ራስ ምታት ከመጨረሻው ሲኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ከ2 እስከ 9 ቀን ይቆያል። በአንዴ ከማቆም ከበረካው ጀምሮ መቀነስ ይሻላል።

ሙዝ፦ ሙዝ ውስጥ ዶፓሚን መኖሩ እውነት ነው፣ በተለይ ልጣጩ ላይ። ነገር ግን ዶፓሚን ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባውን አጥር አያልፍም። የሚያልፈው ኤል-ዶፓ ነው፤ ለፓርኪንሰን ሕመም (የዶፓሚን ሴሎች እየሞቱ እንቅስቃሴን የሚያውክ ሕመም) የሚሰጠውም ዶፓሚን ሳይሆን ኤል-ዶፓ የሆነው ለዚህ ነው። እሸት ባቄላና ለጋ ፍሬው ኤል-ዶፓ አላቸው፣ ደረቁ ግን በጣም ያንሳል። መጠኑ ከማሳ ማሳ ስለሚለያይ በመድኃኒት ምትክ አይሆንም። መድኃኒቱን የሚወስድ ሽማግሌ ቤታቸው ላለ ተማሪ የሚጠቅም አንድ ነገር፦ ኤል-ዶፓ በአንጀትም በአንጎል አጥርም ከፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ጋር በአንድ በር ይጋፋል። ከሽሮ ወይም ከሥጋ ጋር ከተወሰደ ሳይሠራ ሊቀር ይችላል፤ ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይሁን። ማቅለሽለሽ ቢያመጣ ሜቶክሎፕራማይድ በራስ መግዛት አይገባም፤ ዲ2 ተቀባይን ስለሚዘጋ መንቀጥቀጡን ያብሳል።

አንድ ቁጥር ደግሞ ለተነሳሽነቱ። በ2010 በአሜሪካና በካናዳ 3,090 የፓርኪንሰን ታካሚዎች ሲጠየቁ፣ የዶፓሚን ተቀባይን በቀጥታ የሚያነሱ መድኃኒቶችን ከሚወስዱት 17.1 በመቶ፣ ከማይወስዱት 6.9 በመቶ ራሳቸውን መግታት ያቃታቸው ነገር ነበረባቸው፦ ቁማር፣ ግዢ፣ መብል፣ ወሲብ። አምሮት በክኒን ሲጨመር ይህን ይመስላል።

ጣና_ዳር፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲኒውን ከአራት ተማሪዎች ጋር ሞከርነው፤ ሦስት ነገር ተበላሸ። ባዶው ዙር ላይ ግምቱ ወርዶ ሳይሆን ወጥቶ 10.71 ሆነ። ቀይ ክሩ ሲኒውን አስቀድሞ የተማረው ቡድን ጋም 8.9 ደረሰ። ገላጩ ደግሞ ባዶውን ከመገለጡ በፊት አወቀው። የዶፓሚን ጾሙስ? ማንም አልነካውም።

ቀመር_ቤት፦

10.71 የመጣው ምልክቱ ተዘልሎ ነው። 0.2 × (−8.93) = −1.79፤ እነሱ 8.93 ላይ ደመሩት። ካልኩሌተር ላይ ቅንፉን ለብቻው አስልተው ምልክቱን በቀይ ብዕር ይጻፉት። ክሩ 8.9 የደረሰው ስህተቱን ለክሩ ብቻ ለይተው ስላሰሉ ነው፦ 10 − የክሩ ግምት። መሆን ያለበት 10 − (ሲኒ + ክር)። ያለ ድምሩ መዝጋት የሚባል ነገር የለም።

ገላጩ ያወቀው በድምፅ ነው፤ ሽንብራ ሲኒ ውስጥ ይንኳኳል። ለዚህ ነበር ጨርቁን እጥፍ ያልኩት። ሽንብራው ጨርቁ ላይ ይቀመጥና ሲኒው ከላይ ይደፋ፣ ሲኒው አይንቀሳቀስ። ግን አንድ ቡድን ላይ ሆን ብለው ይተዉት፤ የድምፅ አለመኖር ራሱ ምልክት ሆኗል፣ ስህተቱም ከመግለጡ ወደ መድፋቱ ተሸጋገረ። ምልክት ከፊት ሲገኝ ጥድፊያውና ጸጥታው ወደዚያ መሄዳቸውን በነጻ አገኙት ማለት ነው።

አንድ ቡድን በ2ኛው ዙር «ግምታችን 10 ነው» ቢል አይገረሙ። ሰው ሕጉን ገምቶ ይዘላል፤ ቀመሩ ግን በእግሩ ይሄዳል። አስሊው በቀመሩ ይጻፍ፣ ገላጩ የልቡን ግምት በሌላ ዓምድ ይጻፍ፤ ልዩነቱ ላይ ጥሩ ክርክር ይነሳል።

መሐል_አንጎል፦

የዶፓሚን ጾም። ስህተቱ የበርሜል ምስሉ ነው፤ ይፈሳል፣ ያልቃል፣ ይሞላል። ሴሉ ዶፓሚንን ታይሮሲን ከሚባል አሚኖ አሲድ ሳያቋርጥ ይሠራል፣ የለቀቀውንም አብዛኛውን በዚያው በር መልሶ ወስዶ እንደገና ያሽገዋል። ስልክ የነካ ሰው ዶፓሚኑ አያልቅም፣ ቅዳሜን ስልኩን ዘግቶ ስለዋለም አይሞላም። ቃሉም ራሱ ያምታታል፤ እኛ ጾም የምንለው ቀኑም መፍቻውም የታወቀ ነገር ነው።

በብርቱ አነቃቂዎች ግን እውነተኛ የአካል ለውጥ አለ። በሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎች ላይ የዶፓሚን መመለሻ በሮቹ ቀንሰው ታይተዋል። በ2001 የወጣ ጥናት ከአንድ ዓመት በላይ ከራቁ በኋላ በሮቹ በአብዛኛው መመለሳቸውን አሳይቷል፣ የማስታወስና የእንቅስቃሴ ፈተናው ግን የዚያን ያህል አልተመለሰም። በወራት የሚቆጠር ነገር ነው፣ በቅዳሜና እሑድ አይደለም።

ስልኩ ላይ የሚሠራው መማሩ ነው። የማሳወቂያው ድምፅ ምልክት ሆኗል፣ ከኋላው ያለው አንዳንዴ 10 ሽንብራ፣ አንዳንዴ ባዶ ሲኒ ነው፤ ስለዚህ ስህተቱ ዜሮ ላይ አይረጋም። የውርርድ ቤትም የሚነግደው በዚሁ ነው። ፊዮሪሎ፣ ቶብለርና ሹልትስ በ2003 ሽልማቱ 50 በመቶ ዕድል ሲኖረው በምልክቱና በሽልማቱ መካከል የሴሎቹ ምት ቀስ እያለ እንደሚያድግ፣ በ0 እና በ100 በመቶ ግን እንደማያድግ አይተዋል። ትርጉሙ ያከራክራል፣ መታየቱ ግን አያከራክርም። ስለዚህ ምክር ከተጠየቁ ምልክቱን ይንኩ፦ ድምፁን ማጥፋት፣ የሚታይበትን ሰዓት መቁረጥ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ማድረግ። የመጨረሻው የሳላሞን አጥር ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ምልክት ያለ ሽልማት ሲደጋገም መልሱ ይጠፋል፣ ግን አይፋቅም፤ በላዩ አዲስ ትምህርት ነው የሚጻፍበት፣ እሱም በቦታ የታሰረ ነው። ሌላ ከተማ ሄዶ ሐራራው የተወው ሰው የድሮ ሰፈሩ ሲገባ የሚመለስበት ለዚህ ነው። «ፈቃዱ ደካማ ነው» ብለው እንዳይፈርዱበት ይህን ይንገሯቸው።

ጣና_ዳር፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቀላል ነው። ተማሪዎቹ ሽንብራውን መብላት ይችላሉ?

ቀመር_ቤት፦

ከ20ኛው ዙር በኋላ። በመሐል ከበሉ ይጠግባሉ፣ የጠገበ ሰው ጋ 10 ሽንብራ 10 አይደለም፤ ቀመሩ ላይ «የተገኘ» የሚለውን ቁጥር መቀነስ ሊኖርብን ነው። ብስኩት ያላልኩትም ክበቡ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል ወተት ስላለው ግማሹ ክፍል ስለማይበላው ነው፤ ለጿሚ ብስኩት ገና ሳይገለጥ ዜሮ ነው።